መጋረጃው የተዘጋባቸው ሰዓቶች

መፈተሽ እንጀራዬ ነው። ሞጆ ደረቅ ወደብ የዕቃ አስተላላፊ ድርጅት ሠራተኛ ነኝ፤ ትራንዚተር የምንባለው። ኮንቴነር ሲመጣ የእሽጉን ቁጥር ከወረቀቱ ጋር አመሳክራለሁ፤ ወረቀቱን ደግሞ ከሌላ ወረቀት ጋር አመሳክራለሁ፤ ከዚያ ባለንብረቱን ዓይን ዓይኑን አየዋለሁ። ከዐሥር ዓመት በላይ እንዲህ ስኖር የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ሰው የሚደብቀው ሲኖረው አንደበቱ ይጣፍጣል። «አይዞህ፣ ምንም የለውም» ያለኝን ሰው ዕቃ ሁለቴ ነው የማየው። ባለቤቴ ይህን ጠባይ ቤት ይዤ እንዳልገባ ስንት ጊዜ ለምናኛለች። ምሳው ከወትሮው ከጣፈጠ እንኳ «ዛሬ ደግሞ ምን ተፈልጎ ነው?» የምል ሰው ነኝ።

ልጃችን የተወለደችው እሑድ ጠዋት፣ አዳማ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል ነው። ስሙን አልጽፍም፤ ከሰዎቹ ጋር የተጣላሁትን ተጣልቼ፣ የታረቅኩትን ታርቄ ጨርሻለሁ። የመጀመሪያ ልጃችን ነበረች። ስትወለድ አላለቀሰችም። አዋላጇ በጨርቅ ጠቅልላ ይዛት ስትሮጥ እኔ ኮሪደሩ ላይ ሆኜ ያየሁት ከጨርቁ የወጣ አንድ ትንሽ እግር ብቻ ነው።

ከአንድ ሰዓት በኋላ አንድ ወጣት ሐኪም ወጣና «ትንሽ ደከም ብላለች፤ አይዞህ» አለኝ። ከሰዓት በኋላ ያው ሐኪም «የአተነፋፈስ ነገር ነው» አለኝ። ሰኞ ጠዋት ስጠይቀው ደግሞ ስልኩን እያየ «እየተከታተልናት ነው፤ ሁሉም በእግዚአብሔር እጅ ነው» ብሎኝ አለፈ። ባለቤቴ በእርግዝናዋ ጊዜ ሁለት ጊዜ አልትራሳውንድ ታይታ፣ ሁለቴም ሁሉ ደህና ነው ተብለን ነበር። አንድ ዕቃ በሦስት ወረቀት ሦስት ዓይነት ስም ይዞ ከመጣ እኛ ዘንድ ኮንቴነሩ ይከፈታል። እነዚህ ሰዎች አንድ ነገር አበላሽተዋል፣ አሁን የሚያስቡት እንዴት እንደሚሸፍኑት ነው ብዬ ቆረጥኩ። ቦርሳዬ ውስጥ ከማትጠፋው አረንጓዴ ማስታወሻ ደብተር አዲስ ገጽ ገልጬ፣ ማን በስንት ሰዓት ምን እንዳለና ምን እንዳደረገ መጻፍ ጀመርኩ።

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም እሑድ ዕለቱን ከደራ መጥቶ ነበር። ሽንኩርት ነጋዴ ነው፤ ትልቅ ሰው፣ ረጋ ያለ፣ እኔም ጋሼ ነው የምለው። ሰኞ ረፋድ ላይ ሐኪሙ ወደ እኛ መጣና እኔን አልፎ፣ የቤተሰቡ ትልቅ እሱ መሆኑን ጠይቆ፣ ወደ ኮሪደሩ ጫፍ ወሰደው። ብዙ ቆዩ። ጋሼ ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። ምን አለህ ስለው የአዳማ አቧራ ነው አለኝ። ነፋሱ እውነት ነው፣ አቧራውም እውነት ነው፤ ኮሪደሩ ውስጥ ግን ነፋስ አልነበረም። ይህንንም ጻፍኩት። እንዴት ሐኪሙ ከእኔ ከአባቷ ይልቅ ከሽንኩርት ነጋዴ ጋር ይመካከራል ብዬ ውስጤ ተቃጠለ።

የጨቅላ ሕፃናት ክፍል አባቶችን ብዙ አያስገባም፤ እናቶች ጡት ስለሚያጠቡ ነው ይላሉ። እኔ የምቆመው በመስታወቱ በር ላይ ነው። ማክሰኞ ጠዋት እዚያው ቆሜ ሳለሁ አንዲት ነርስ ልጄ ጋ መጣች። ዕድሜዋ አርባ ይጠጋል፣ በነጩ ጋውን ላይ ጥቁር ሂጃብ አድርጋለች፣ የአርሲ ሰው ናት። እናቶቹን እንደየቋንቋቸው ነበር የምታናግረው፤ አንዷን «አካም ቡልተኒ» ብላ ዞር ስትል ሌላዋን «እንደምን አደርሽ» ትላለች። ይቺ ነርስ የልጄ ጭንቅላት ላይ የተሰካውን የግሉኮስ መርፌ ነቀለች። ደረቷ ላይ የተለጠፉትን ሽቦዎች አነሣች። መርፌ በሌለው ስሪንጅ አፏ ውስጥ የሆነ ነገር ጠብ አደረገች። ከዚያ ባለቤቴን አስጠርታ ወንበር ሰጠቻትና መጋረጃውን ዙሪያውን ዘጋችው።

እኔ የማውቀው ሆስፒታል የታመመ ላይ መርፌ ይጨምራል እንጂ አይነቅልም። በዚያ ላይ አጠገቧ ያለው አልጋ ላይ ሌሊቱን አዲስ ሕፃን ገብቷል፤ ዘመዶቹ በሁለት መኪና ነው የመጡት፣ ጥበቃው ሳይቀር ተነሥቶ ሰላም ይላቸዋል። ሰው አላቸው ማለት ነው። ለእነሱ ማሽን ሊለቁ የእኔን ልጅ ነቀሏት አልኩ ለራሴ። ደብተሬ ላይ «4፡20፣ ነርሷ መርፌ ነቀለች። ስሙ ያልተነገረ ጠብታ። መጋረጃ ዘጋች» ብዬ ጻፍኩ። የከፈተችበትንም ሰዓት ጻፍኩ።

ባለቤቴ ስትወጣ ምን እያደረጋችሁ ነበር አልኳት። አቅፌያት ነበር አለችኝ። ማሽን ላይ መሆን ያለባት ልጅ ለምን ትታቀፋለች አልኩ። ሲስተር እቀፊያት አለችኝ፣ ደስ አለኝ፣ አለችና ሌላ ቃል ሳትጨምር ሄዳ ተኛች። ሚስቴ ከባሏ ይልቅ ሁለት ቀን ያወቀቻትን ነርስ ማመኗ ደግሞ ሌላ ንዴት ሆነብኝ።

ረቡዕ ጠዋት መጋረጃው ተዘግቶ ሳለ ነርሷ በሩን ከፍታ ወደ እኔ መጣች። እጅዎን ታጥበው ይግቡ፣ እርስዎም ይቀፏት አለችኝ። በፈገግታ ነው ያለችው፤ የፈራሁትም ፈገግታውን ነው። ኋላ ልጅቷ አንድ ነገር ብትሆን «አባትየው ከውጭ ጀርም ይዞ ገብቶ ነው» ሊሉኝ መሰለኝ። አልገባም አልኳት። ቆም አለችና ልጅቷን ምን ብላችሁ ነው የምትጠሯት ስትለኝ፣ ሴት ልጅ ስሟ የሚወጣው በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ ነው፣ ለምን ፈለግሽው አልኳት። ለምንም አይደለም አለችና ተመለሰች። ልጄን በእጄ የመያዝ ዕድል ነበር ያን ጠዋት የመለስኩት።

ሁሉን ያባባሰው ከምሳ በኋላ የመጣው ነገር ነው። ነርሷ ንጹሕ ነጭ ወረቀት ይዛ መጣች፤ ምንም ያልተጻፈበት። ባለቤትህ፣ አለችና አንተ ማለቷ አስደንግጧት አረመችው፤ ባለቤትዎ ነገረችኝ፣ በሥራዎ የማኅተም ቀለም ከቦርሳዎ አይጠፋም አሉ፤ የልጅቷን እግር እዚህ ወረቀት ላይ እናሳርፈው ይሆን አለችኝ። እስቲ አስቡት። የእኔን ዓይነት ሥራ ለሚሠራ ሰው፣ ባዶ ወረቀት ላይ አሻራ! ፊደል ያልቆጠረ ሰው በአውራ ጣቱ እንደሚፈርም አውቃለሁ፤ ባዶ ወረቀት ላይ ያረፈ ጣት ኋላ ከላዩ ምን እንደሚጻፍበትም አውቃለሁ። ከልጄ እግር በላይ «ሕክምና እንዲቆም ተስማምተናል» የሚል ሊሞሉበት ነው አልኩ። ወረቀቱን ከእጇ ቀምቼ ለሁለት ቀደድኩት። ነርሷ አልተቆጣችም። ጎንበስ ብላ ቁራጮቹን አነሣችና ኪሷ ከተተቻቸው።

በቀጥታ ወደ ክፍሉ ኃላፊ ሄድኩ። ደብተሬን ገልጬ ሰዓት በሰዓት አነበብኩለት። ኃላፊው ያለ ሐኪም ፊርማ ሕፃን ከማሞቂያ ላይ አይነሣም የሚል መመሪያ አለ፣ አቤቱታዎ ተገቢ ነው አለኝ። ሐሙስ ጠዋት ስመጣ ነርሷ የለችም፤ ወደ ክትባት ክፍል አዛውረዋታል። በእሷ ፋንታ የገባችው ፈጣን ልጅ ናት፤ መርፌውን መልሳ እጇ ላይ ሰካችላት፣ ሽቦዎቹን ለጠፈች፣ መጋረጃውን ጥግ ድረስ ሰብስባ አሰረችው። ባለቤቴ የታለበውን ወተት አድርሳ፣ ትንሽ ቆማ ልጇን አይታ፣ በቃ ውጪ ተብላ ትወጣ ነበር። እኔ በመስታወቱ ሁሉም ነገር ይታየኛል። ያን ቀን ከእሑድ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ምሳ በደንብ በላሁ። ባለቤቴን አሁን ነገሩ ሥርዓት ይዟል አልኳት። እሺ አለችኝና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ደክሟት ነው አልኩ።

ዓርብ ጠዋት ጋሼ ግቢው ውስጥ ኒም ዛፍ ሥር ቆሞ በስልክ ሲያወራ አየሁት። ጀርባውን ሰጥቶኛል። እንደ ልማዴ ቀስ ብዬ ተጠጋሁ። የሚያወራው ደራ ካለ የዕድራቸው ሰው ጋር ነው። «ቦታው ይታሰብበት ነው ያልኩት፤ ይቆፈር አላልኩም። ገና ናት፣ አለች» ይላል። እጅጌውን ያዝኩት። ዞሮ ሲያየኝ ስልኩ ከእጁ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

«ማናት ገና?» አልኩት።

የአበባው መደብ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ። እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሐኪሙ ሰኞ ዕለት እንደነገረው፣ ልጅቷ እንደማትድን፣ ምናልባት ሳምንት እንደማትሞላ፣ ለአባትየው ቀስ ብላችሁ ጊዜውን ጠብቃችሁ ንገሩት እንዳለው አወራኝ። ነጠላውን በእጁ እያፍተለተለ ነበር።

«መርዶ እኮ በአንዴ አይነገርም» አለኝ። «ሰው ሰብስቤ፣ ማለዳ ላይ፣ አንተንም አዘጋጅቼ ልነግርህ ነበር።»

ልማዱን አውቀዋለሁ፤ እኔም ስንቱ ቤት በር ላይ በማለዳ ቆሜያለሁ። መርዶ ግን ለሞተ ሰው ነው። ልጄ በሕይወት እያለች መርዶዋ ተደግሶ ይጠብቀኝ ነበር። ሐኪሙም ተምሮ ተምሮ፣ ሲጨንቀው የያዘው ይህንኑ የሰፈራችንን ዘዴ ነው። ጋሼ ደግሞ ዓይኔን ሳያይ አንድ ነገር ጨመረ፤ ያቺን ነርስ ምን አድርጋህ ነው ያስነሣሃት፣ ለወላጆቹ ይነገራቸው እያለች ከሐኪሙ ጋር ስትጨቃጨቅ የከረመች እኮ እሷ ብቻ ናት አለኝ። እዚያው መሬት ላይ መቅለጥ ነበር የፈለግኩት። ስድስት ቀን ሙሉ ሳስስ የቆየሁት፣ ያልዋሸችኝን አንዷን ሰው ለይቼ ለማባረር ነበር።

ክትባት ክፍል ስደርስ ነርሷ የሚጮህ ሕፃን ጭን ላይ መርፌ እየወጋች ነበር። ጨርሳ ቀና ስትል፣ የከሰስኩሽ እኔ ነኝ አልኳት። አውቃለሁ አለችኝ።

«እናቷ ዛሬ አቅፋታለች?» ብቻ ብላ ጠየቀችኝ።

«አላቀፈችም። ትናንትም አላቀፈችም።»

ሥራውን ለባልደረባዋ ሰጥታ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ እየተከተልኳት ለምን አንቺ አልነገርሽኝም አልኳት። ሕመሙን የሚናገረው ሐኪሙ ነው፣ እንድጠብቅ ተነግሮኝ ነበር፣ ያልተከለከልኩት ማሳቀፍ ብቻ ነው አለችኝ። እግረ መንገዷን ስለ ወረቀቱም ነገረችኝ። ሥራ ስትጀምር እሷም እንደሌላው የሞተውን ሕፃን ጠቅልላ ለአጎት አስረክባ፣ እናትየው እንዳታይ በሌላ በር ታስወጣ ነበር። ከወራት በኋላ እናቶቹ እየተመለሱ፣ ልጄ ፀጉር ነበራት ወይ፣ ማንን ትመስላለች፣ እያሉ ይጠይቋት ጀመር። የምትመልሰው አጣች። ከዚያ ወዲህ ነው እግራቸውን ወረቀት ላይ ማሳረፍ የጀመረችው።

ከኃላፊው ጋር በር ዘግተው ተነጋገሩ። ከዚያ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ አራት ወንበር ራሷ ተሸክማ ደረደረች፤ እኔን፣ ባለቤቴንና ወጣቱን ሐኪም አስቀመጠች፤ ሐኪሙን ስልኩን ተቀብላ ኪሷ ከተተችው። ሐኪሙ ፊቱ አመድ መስሏል። ወደ እሷ አየ፣ እሷም ራሷን ነቀነቀችለት። ቀድማ እንዳስጠናችው ያስታውቅ ነበር።

«ልጃችሁ ማኅፀን ውስጥ ሳለች አንጎሏ ሙሉ ሆኖ አልተሠራም» አለ። «መተንፈስን የሚያዘው ክፍል እየደከመ ነው። የሚያድናት ሕክምና እዚህም አዲስ አበባም የለም። ትሞታለች። ዛሬ ወይም ነገ ይመስለኛል።»

«የእናንተ ስህተት ነው?» አልኩት። ያን ጊዜም መፈተሼን አልተውኩም።

«አይደለም፤ አልትራሳውንድም ሁልጊዜ አያሳየውም። ለእናንተ አለመንገሬ ግን የእኔ ስህተት ነው። ማዳን ነው የተማርኩት፤ እንዲህ ተቀምጬ መናገር ማንም አላስተማረኝም።»

በስድስት ቀን ውስጥ ያመንኩት የመጀመሪያ ንግግሩ ይህ ነው፤ ምንም አልጣፈጠም ነበር። ነርሷ ጠብታው የሕመም ማስታገሻ እንደሆነ፣ መርፌውን የነቀለችው ከሥቃይ በቀር የሚጨምርላት ነገር ስላልነበረ እንደሆነ ቀስ ብላ አስረዳችን። እኔ እየሰማሁ ባለቤቴን ለመያዝ እጄን ዘረጋሁ፤ ትወድቃለች ብዬ ነው። እሷ ግን ቀጥ ብላ ተቀምጣለች።

«እኔ ማክሰኞ ነው ያወቅኩት» አለችኝ። «ማንም አልነገረኝም። አቅፌያት ሳለሁ ገባኝ። አንተ እንዳትሰበር ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ሐሙስ ዕለት ፊቷን ወደ ግድግዳ ያዞረችው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ልጇን የማቀፊያ ቀኗን እኔ ስነጥቃት፣ ለእኔ ላለመንገር ብላ ዋጠችው። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጥኩ አለቀስኩ፤ አባቴ ሲሞትም እንደዚያ አላለቀስኩም።

መርፌው እንደገና ወጣ፣ መጋረጃው ተዘጋ፣ በዚህኛው ጊዜ እኔም ውስጥ ነበርኩ። ጋሼ ቄስ አመጣ፤ እሳቸውም ለሞት የቀረበ ሕፃን ቀን አይጠበቅለትም ብለው ክርስትና አነሷት። ከዚያ ነርሷ ሸሚዜን አስፈትታ ደረቴ ላይ አስተኛችልኝ። ክብደቷ ምንም አይደለም፤ ሙቀቷ ግን ሙሉ ሰው ነበር። ፀጉር ነበራት፣ ብዙ ፀጉር፣ አንገቷ ላይ የሚጠቀለል። ነርሷ በጣቷ ጉንጯን እየዳሰሰች «ኢንተላ ኮ፣ ኢንተላ ኮ» ትላታለች፤ ልጄ፣ ልጄ ማለት ነው። ባለቤቴ በስሟ ትጠራታለች። ከክርስትና ስሟ ሌላ ስም እንዳላት አላውቅም ነበር፤ ማክሰኞ እዚያው መጋረጃ ውስጥ አውጥታላት ኖሯል። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ እሱ የእነሱ ነው።

የማኅተም ቀለሜን ራሴ ከቦርሳዬ አወጣሁ። ወረቀት አልነበረም፤ የመጣውን ወረቀት ረቡዕ ቀድጄዋለሁ። ደብተሬን ገለጥኩ። ነርሷ ቀለም ያስነካችውን እግር በእጄ አስያዘችኝ። ስትወለድ ኮሪደሩ ላይ ያየሁት እግር ይሁን ሌላኛው አላውቅም። ዓርብ የሚለው ገጽ ላይ ሳሳርፈው ጣቶቿን ሰብሰብ አደረገቻቸውና ከአውራ ጣቷ በኩል ትንሽ ተዛነፈ። ይደገም ወይ አለች ነርሷ። ባለቤቴ አይደገም፣ እሷው ራሷ ያደረገችው ይሁን አለች። ዐሥር ሰዓት ገደማ እናቷ እቅፍ ላይ ሞተች።

ደብተሩ አሁን ከባለቤቴ ዘንድ ነው። አልፎ አልፎ ቀን ላይ ታወጣዋለች። አሻራውን አይታ አትመልሰውም፤ ወደ ኋላ ሄዳ የእኔን ጽሑፍ ታነባለች። «ማክሰኞ 4፡20፣ መጋረጃ ዘጋች። 5፡05 ከፈተች» የሚለው ላይ ጣቷን ታሳርፍና፣ እዚህ ላይ ነው ዓይኗን የገለጠችው ትለኛለች። «ረቡዕ 3፡40፣ መጋረጃ ዘጋች። 5፡00 ገና አልከፈተችም» የሚለው ላይ ደግሞ፣ ጣቴን ጭብጥ አድርጋ ያዘችው፣ እንቅልፍ ወሰደንና አብረን ተኛን ትለኛለች። በክፋት የጻፍኩት ሁሉ የልጄ ዕድሜ ሆኖ ተገኘ፤ ሌላ የተጻፈ የላትም። ቀጥሎ ያለው የሐሙስ ገጽ ነው። «መጋረጃ ቀኑን ሙሉ ክፍት። ሁሉም በሥርዓት» ይላል። እሱ ላይ ስትደርስ አታነበውም፤ ገጹን ትገልጣለች።